ተጠባባቂዬ

የአንድ ዓመት ፈቃድ ያለ ደመወዝ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት፣ አቶ አበጋዝ ጥያቄዬን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቁኝም። «ተፈቅዷል» አሉና ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ። አቶ አበጋዝ የሆስፒታላችን የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። በአዋላጅነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ፣ የግማሽ ቀን ፈቃድ ስጠይቃቸው ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ነው የማውቃቸው። የዚያን ቀን ግን ሳቁ። ለልጄም ብለው የሆስፒታሉ አርማ የተጠለፈበት ብርድ ልብስ ሰጡኝ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷም ነርስ ነበረች። በእሷ ዘመን ከወሊድ በኋላ ትንሽ ልቆይ ያለች ነርስ «ሰው የለም» ትባልና ጡቷ እየፈሰሰ ፈረቃዋን ትገባ ነበር። አሁን «ሰው የለም» የሚል አለቃ የለም። ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ይሰጠዋል፣ ያልጠየቀም «ደክሞሃል፣ ለምን አታርፍም?» ይባላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው። እኔ ግን ደስታዬ በዛና መጠርጠሩን ለሌላ ቀን አቆየሁት።

ደስ ቢለኝ አይፈረድብኝም። ባቡር ጣቢያ ጥገና ከሚሠራው ባለቤቴ ከይመር ጋር ከተጋባን ጀምሮ ልጅ ስንጠብቅ ነው የኖርነው። የኮምቦልቻን ልጅ ሁሉ ስቀበል ውዬ ማታ ወደ ባዶ ቤት ስገባ፣ እኔና ይመር አንዳችን የአንዳችንን ዓይን እንሸሽ ነበር። በመጨረሻ ወለላ መጣች። ቀኗ ሳይሞላ፣ ቀጥና፣ ግን መጣች። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ገና ሰውነቷ መሙላት መጀመሩ ነበር። አንድ ዓመት አብሬያት ብሆን፣ ስትድህ ባይ፣ ጥርሷ ሲወጣ አብሬያት ብነጫነጭ፣ ከዚህ ሌላ ከዓለም የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ሥራችን እንዴት እንደሆነ ልናገር። በየማዋለጃ ክፍሉ አንድ ድምፅና ሁለት እጅ አለ። እጆቹ አልጋው አጠገብ የሚቆሙት ነርሶች ናቸው። ድምፅ የሚባለው ልምድ ያላት አዋላጅ ናት፤ ፎቅ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ታያለች፣ ከአልጋው በላይ ካለው ግድግዳ ትናገራለች። «እጅ አይናገርም፣ ድምፅ አይነካም» የሚለው ደንብ በየበሩ ተለጥፏል። ምጥ የያዛት ሴት ብዙ ሰው ሲያዛት ግራ ይገባታል ተብሎ ነው። እኔ ድምፅ ነበርኩ።

ፈቃዱን በወሰድኩ በሦስተኛው ሳምንት ወለላን ለማስከተብ ቀበሌ ሄድኩ። እናቶች ተሰልፈን፣ ተራችን ሲደርስ የልጆቻችንን ተረከዝ ከግድግዳው ላይ ካለው መውጊያ ሳህን እናስደግፋለን፣ ግድግዳው «ተባረኪ» ይላል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ቀጣዩ ይገባል። ወለላ አልቅሳ እሷን ሳባብል፣ ከኋላዬ የነበረች አንዲት ከሲታ ሴት ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተር ሐመልማል! አንቺ ነሽ አይደል? በድምፅሽ ነው ያወቅሁሽ!»

«ይቅርታ፣ አላስታወስኩሽም እህቴ።»

«እንዴት ታስታውሺኛለሽ፣ የስንቱን ጩኸት ትሰሚያለሽ! መዲና ነኝ። ባለፈው ወር፣ አራት ቁጥር ክፍል። ‹ይቺን ለምትያክል ጨቅላ ነው እንዴ ሐይቅ ከተማ ድረስ የሚሰማ ጩኸት የምትጮሂው?› ብለሽ በምጥ መሀል ያሳቅሽኝ!»

ቀልዱ የእኔ ነው። ድፍን ኮምቦልቻ ያውቀዋል። ግን ባለፈው ወር ለሥራ የሆስፒታሉን ደጅ አልረገጥኩም። ያንን ወር ሙሉ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጡት ሳጠባ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ ከተማው ሁሉ ድምፄን ሲሰማ እኔ አልሰማሁም።

«ወሊዱስ እንዴት ነበር?» አልኳት፣ የሌላ ሰው ሥራ እንደምጠይቅ።

«አንቺው እያለሽ ምን እሆናለሁ! ልጁ እንዳለቀሰ ‹እንኳን ማርያም ማረችሽ› አልሽኝ። እናቴ በሩን በርግዳ ገብታ እልልታውን አቀለጠችው። እጆቹም ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ስነቃ የሰው ደም እየገባልኝ ነው። ‹አብሽሪ መዲናዬ› ስትዪኝ ነው የነቃሁት። አላህ ይስጥሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር።»

ሳመችኝ። ከንፈሯ ገና ነጭ ነበር።

ኮምቦልቻ ነውና መዲናም ትባል ወለተ ማርያም፣ የወለደች ሴት ምርቃቷ ይኸው ነው። ሰው ሁሉ ልጁ ሲያለቅስ ይለዋል። እኔ ግን አንድ ቀንም ልጅ ሲያለቅስ ብዬው አላውቅም። ሴት የምትሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከልጁ በኋላ ነው። እንግዴ ልጁ ገና አልወጣም፣ ማህፀኑ አልጠነከረም፣ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሕፃኑ ባዞረበት ሰዓት ደሟ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዴ ልጁ ወጥቶ፣ ሆዷ ከእጅ በታች ጠንክሮ፣ ደሙ መቆሙን እስካይ ድረስ ምርቃቱን አላወጣም ነበር። እጆቹም ከዓመታት በኋላ ለመዱት። ማንም ሳያዛቸው፣ ሐመልማል «ማርያም ማረችሽ» እስክትል እጅ ከሆድ አይነሳም፣ ጓንት አይወልቅም፣ በር አይከፈትም። ስትል ደግሞ ሁሉም ይለቃሉ።

መዲናን እዚያው ትቻት ወለላን አዝዬ በቀጥታ ሉባባ ቤት ሄድኩ። ሉባባ ከእኔ ጋር አብራኝ ሥራ የጀመረች፣ ለብዙ ዓመት እጄ የነበረች ሴት ናት። ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ስታየኝ ቅርጫቱን አስቀመጠች፤ ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል።

«እስካሁን አልነገሩሽም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ተጠባባቂሽን ነዋ፣ ከቅጂሽ የተሠራችውን ማሽን። ስትወልጂ በሳምንቱ አስገቧት። ድምፅሽ፣ ሳቅሽ፣ ቁጣሽ፣ ሁሉ ነገርሽ ናት። መጀመሪያ አንድ ክፍል ነበር። አሁን አብዛኛው ክፍል አንቺ ነሽ። ደሴም አንቺ ነሽ አሉ።»

ፎቅ ላይ የምንናገረው ሁሉ እንደሚቀዳ አውቃለሁ፤ ለጥራት ነው ይሉን ነበር። ለምን ጥራት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

«ሉባባ፣ ምርቃቱን ልጁ ሲያለቅስ ነው የምትለው?»

ዓይኗን መሬት ጣለች። «ወዲያው ነው የምትለው።»

«እናንተስ?»

«እኛማ አንቺ ያልሽው ነው የሚመስለን! ለዓመታት በዚያ ቃል ነው እጃችንን ያነሳነው። ቃሉ ሲመጣ እጄ ራሱ ይነሳል ሐመልማል፣ ሳላስበው። በሩ ይከፈታል፣ ቤተሰብ ይገባል፣ እልል ይባላል፣ በዚያ ግርግር ማን ደም ያያል? አንዴ ደፍሬ፣ ‹ገና እኮ ነው› አልኳት። ‹እሺ ሉባዬ› አለችኝ፣ ልክ አንቺ እንደምትጠሪኝ። ግን የሚቀጥለው ላይም ያው ነው።»

«ማንም አልሞተም?»

ሉባባ ልብሱን ማስጣት ቀጠለች። አንድ ነጠላ፣ ከዚያ አንድ የልጅ ቀሚስ፣ ከዚያ አንድ አንሶላ አሰጣች። «ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩት የት እንደደረሱ አይነገረንም» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ። «አንቺ ሥራ ላይ ካለሽ እሷ አትሠራም። ሕጉ ነው፤ የድምፁ ባለቤት በገባችበት ቀን ተጠባባቂዋ ትወጣለች። ለዚህ ነው እኮ ፈቃዱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የሰጡሽ።»

ማታ ለይመር ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። «ሁለት ሚስት አለኝ ማለት ነዋ! በአባቴ ሃይማኖት እንኳ ይፈቀዳል።» ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። ወለላ ሆዱ ላይ ተኝታ ነበር። «ስሚኝ ሐመልዬ» አለ። «ይህችን ልጅ ስንት ዓመት ነው የጠበቅናት? አንድ ዓመት እግዜር ሰጠሽ። ሆስፒታል የሆስፒታል ነው። አንቺ ባትኖሪ ሌላ ሰው ይኖር ነበር፣ አይደለም?»

«ሌላ ሰው ቢሆን መች ቆጨኝ። እኔ ነኝ። ሴቶቹ የሚያምኑት እኔን ብለው ነው። መዲና ዛሬ አመስግና የሳመቻት ልትገድላት የነበረችውን ሴት ነው።»

ይመር የልጅቷን ጀርባ ማሻሸት ጀመረ።

በማግሥቱ አቶ አበጋዝ ዘንድ ገባሁ። ሻይ አዘዙልኝ። ወለላን አይተው «አደገች አደገች» አሉ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ለፈቃዱ ጊዜ ያላሳዩኝን ትዕግሥት።

«ስሕተት እኮ አይደለም ሲስተር» አሉ። «እናቶች ልጃቸው ሲያለቅስ ወዲያው መመረቅ ይወዳሉ። አንቺ ታዘገዪ ነበር። ‹የምላሽ መዘግየት› ተብሎ ተይዞብሽ ነበር፣ ቅር እንዳይልሽ ብለን ነው ያልነገርንሽ። ተጠባባቂሽ አሻሻለችው። አሁን እናቶች ከሁሉም ድምፅ አንቺን ነው የሚመርጡት።»

«ሴቶች እየደሙ ነው አቶ አበጋዝ!»

«በማዋለጃ ክፍል ሴቶች ይደማሉ። አንቺ ታውቂዋለሽ። ደም አለን፣ ይሰጣቸዋል፣ ይድናሉ።»

«ሁሉም?»

መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ መነጽር ነበር።

«እሺ፣ ምርቃቱን ወደ ቦታው መልሱት።»

«ያማ የእኔ ሥራ አይደለም። ለሚመለከተው ይቀርባል፣ ይጠናል።» ጥናቱ ስንት ሴት እንደሚፈጅ እሳቸውም አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ተናደድኩ። ወለላን አቅፌ ተነሳሁ።

«እንግዲያው ፈቃዴን ሰርዙልኝ። ሰኞ እገባለሁ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ይለምኑኛል ብዬም ነበር። እሳቸው ግን ያንኑ ሳቃቸውን ሳቁ። «መብትሽ ነው። ታድያ ተጠባባቂሽም ሥራ ፈታ አትቀመጥም። ወደ ሥራ የተመለሰች እናት ተጠባባቂዋ በሳጥን ውስጥ ሆና ቤቷ እንድትላክላት ደንቡ ያዛል። ለልጅሽ ትሆናለች።»

«አልፈልጋትም!»

«አትክፈቻታ» አሉ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ሰኞ ጠዋት ወለላን ለይመር ሰጥቼ ወጣሁ። እሱ የሌሊት ፈረቃ ወስዶ ቀን ሊይዛት ተስማምተናል። የታለበ ወተት በጡጦ አስቀመጥኩላት። ጡጦ ወዳ አታውቅም። በር ላይ ሆኜ ስታለቅስ ሰማኋት፣ ቢሆንም ሄድኩ። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ለቅሶዋ የሚከተለኝ እየመሰለኝ ሁለቴ ቆሜ ነበር።

ፎቅ ላይ ስወጣ ድሮ አሥራ ሁለት ድምፆች የምንቀመጥበት አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ወንበሮቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል። ሲስተር ትርሐስ ለትምህርት ፈቃድ ላይ ናት አሉኝ። ሲስተር ብርቄ ወገቧን ለማሳረፍ። ሲስተር ጀሚላ ለሐጅ ሄዳ ከዚያው ፈቃዷ ተራዘመላት። ሁሉም ጠይቀው ወይም ተጠይቀው ነው፣ ለሁሉም በደስታ ነው የተፈቀደላቸው። ላስቲኩን ከወንበሬ ላይ ገፍፌ ተቀመጥኩ። ከየክፍሉ የእነሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ብርቄ ስትስቅ፣ ጀሚላ «አይዞሽ» ስትል። አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም።

የመጀመሪያዋ ሴት ከሐርቡ የመጣች ነበረች። ከሁለቱ እጆች አንዷ ሉባባ፣ ሌላዋ የማላውቃት አዲስ ሠራተኛ ናት። ምጡ ደህና ሄደ። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ። አዲሷ እጅ ወዲያው ከሆዷ ላይ እጇን አንስታ ወደ በሩ ዞረች። እኔ ግን ምርቃቱን አላወጣሁም።

«እጅሽን መልሺ» አልኳት። ደንግጣ ወደ ግድግዳው አየች።

ሠራተኛዋ እጇን መለሰች። እናትየዋ ራሷን ቀና አደረገች። «ምነው? ምን ሆኖ ነው የማትመርቀኝ? ልጄ ምን ሆነ?» አማቷ ከውጭ በሩን ትደበድባለች።

«ልጅሽ ደህና ነው የኔ እመቤት። አንቺን ነው የምጠብቀው» አልኳት።

እንግዴ ልጁ ወጣ፣ ደሙም ተከትሎት መጣ፤ ብዙ ነበር። ሉባባ ሆዷ ላይ እንደተደገፈች ማሻሸት ጀመረች። አዲሷን እጅ መርፌውን እንድትወጋት ነገርኳት። እናትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጇ አንድ ነገር የሆነባት ነው የሚመስላት። እኔ ከላይ ሆኜ መንካት አልችልም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የምችለው። ቆይቶ ሉባባ ቀና ብላ ወደ እኔ በኩል አየች፣ ራሷንም ነቀነቀች። ማህፀኑ ጠንክሯል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኩ። ማንም ስለማያየኝ ለብቻዬ አለቀስኩ።

ሴትየዋ ከመውጣቷ በፊት እንደ ደንቡ አስተያየት ተጠየቀች። «ድምፅዋ አስደነገጠችኝ» ብላ ዝቅተኛውን ሰጠችኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሌሎቹም ያንኑ ሰጡኝ። አንዲቷማ «የድሮዋን ሲስተር ሐመልማል መልሱልን» ብላለች። ግን በዚያ ሳምንት እኔ ባለሁበት ክፍል ደም የተሰጣት ሴት አልነበረችም፤ ለዚህ ብዬ ነው የመጣሁት፣ በዚህ ተጽናናሁ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ የአቶ አበጋዝ መልእክት ደረሰኝ። «ሲስተር፣ የደከመሽ ትመስያለሽ። ፈቃዱ በፈለግሽው ሰዓት ክፍት ነው።» ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ይልኩልኝ ነበር፣ አንድም ቀን አልጎተጎቱኝም። አይቸኩሉም። የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

ቤቴ ደጅ ስደርስ ከውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

«አለሁልሽ የኔ ወለላ፣ አለሁልሽ። የትም አልሄድም።»

ገባሁ። ከሆስፒታል የተላከው ሳጥን ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ይመር ወለላን ታቅፎ ጡጦ ይዞላታል፣ እሷም ዓይኗን ከሳጥኑ ሳትነቅል ትጠባለች። ሰኞ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲያ ስትጠባ አላየኋትም። ይመር ሳይተኛ ብዙ ቀን ሆኖታል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ጢሙ አድጓል።

«አትቆጪ» አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰችም ነበር። ምን ላድርግ?»

አልተቆጣሁትም። ሄጄ ሳጥኑን አጠፋሁት። ወለላ ጡጦውን ተፋችው።

ከእጁ ወሰድኳትና «አለሁልሽ የኔ ወለላ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ስናገር ውዬ ድምፄ ሻክሯል። ፊቴን አየችኝ፣ ግንባሯን ቋጠር አደረገች። ጡቴን ሰጠኋት፤ አንዴ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፣ አንገቷን ወደ ጠረጴዛው አዙራ መጮህ ጀመረች። «የትም አልሄድም» ልላት ፈልጌ ነበር። ሰኞ እንደምሄድ ስለማውቅ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ጩኸቷ እየደከመ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሄደ። ቀኗ ሳይሞላ የተወለደች ልጅ ናት፣ ረሀብ አትችልም።

«እስክትጠባ ብቻ፣ ሐመልዬ» አለ ይመር በለሆሳስ።

ሳጥኑን መልሼ ከፈትኩት።

«የት ጠፋሁብሽ የኔ ወለላ? ይኸው አለሁልሽ» አለች፣ በማለዳ ድምፄ፣ ባልደከመው። ልጄ ለቅሶዋን አቋርጣ ሳቀች። ይመር ጡጦውን አቀበለኝና ለልጄ አፏ ላይ ያዝኩላት፤ ሁለት እንዳንሆንባት ብዬም አፌን ዘጋሁ።